አፌን የሸፈንኩበት ቀን

ውድ ጎረቤቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። እጄ ጽሑፍ እንደማይወድ ታውቂያለሽ። ምላጭ ስጪኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቀጥ ያለ መስመር አወጣልሻለሁ፤ በዚህ ሰፈር እንደኔ ፂም የሚያሳምር ካለ ይምጣና ይወዳደረኝ። እስክሪብቶ ግን እንደ እርጥብ ሳሙና ከእጄ ያሟልጫል። ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ። ይሄ አራተኛው ነው፣ እሱን አልቀድም ብዬ ምያለሁ።

አስራ አንድ ጊዜ ደወልኩልሽ፣ ከዛ ቁጥሬን ዘጋሽው። አልተቀየምኩም፣ እኔም ብሆን እዘጋው ነበር። ደብዳቤ ግን እንደ ስልክ አይዘጋም፤ ልትቀጂው ብታስቢ እንኳ ዓይንሽ ቀድሞ አንድ ሁለት መስመር ያያል። ስለዚህ ዋናውን ነገር ከላይ ላድርገው።

ያን ቀን ወደ ኋላ ያልኩት ካንቺ አፍ ሸሽቼ አይደለም። ከራሴ አፍ ሸሽቼ ነው።

በቃ፣ አሁን ብትቀጂውም ደርሶሻል። ካልቀደድሽው ደሞ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ቀን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ፀጉሩን ሊስተካከል መጥቶ ወረፋ ይጠብቃል። ያው ዘበኛ፣ የዝናብ ካፖርቱን አንቺ ጋ የሚያስጥፈው። ለማንም ሳይሆን እንዲሁ ለራሱ፣ ሰው ከነጋ በኋላ ጥርሱን ቢፍቅ ጾሙ ይፈርስ ይሆን ሲል ሰማሁት። ማንም እኔን አልጠየቀኝም። ታውቂኛለሽ ግን፤ ጥያቄ ሰምቼ ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም። ማሽኔን አጥፍቼ ዞር አልኩና ምንም ነገር አፍ ከገባ ጾም ፈረሰ ብዬ ፈረድኩ። ብሩሽም፣ መፋቂያም፣ ለሶላት ከመታጠቡ ከዉዱእ ውጪ አንዲት ጉንጭ ውሃም። ከየት አገኘኸው ሲለኝ የታወቀ ነው አልኩት። ወላሂ ከየትም አላገኘሁትም። ሕፃን ሆኜ አንድ ሰው ብሎት ይሁን፣ በህልሜ ይሁን አላውቅም። አላውቅም የሚለው ቃል ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

በራሴ ፍርድ ታሰርኩልሽ። ከንጋት በፊት፣ ሱሁር ላይ፣ እንቁላል ቀቅዬ በጥሬ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት እበላለሁ፣ ኃይል ይሰጣል ብዬ። ከበላሁ በኋላ ጥርሴን ልታጠብ ስል እንቅልፍ እዛው ጠረጴዛው ላይ ይደፋኛል። ስነቃ ነግቷል። ከነጋ ደሞ የፈረደው ሰውዬ እኔው ነኝ። ዉዱእ ሳደርግ እንኳ ውሃውን ከንፈሬን ብቻ አስነክቼ ነበር የምተፋው። አለመጠየቄ እንጂ መስጊድ ውስጥ ከጎኔ የሚሰግደው ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀው ነበር።

አራተኛው ቀን ላይ መምህሩ መጣ፣ ያ ኮቱን በየጊዜው አንቺ ጋ የሚያስጠብበው። ጎንበስ ብዬ ከንፈሩ ላይ ያለውን ፂም ሳስተካክል ወደ ግራ ዞረ። አገጩን ይዤ መለስኩት። ወደ ቀኝ ዞረ። መለስኩት። ከዛ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ተረጋጋ ብዬ ደስ አለኝ፣ ፊቱ ግን እየቀላ ሄደ። ለካ ሰውዬው ትንፋሹን ይዞ ነው። አመመው ብዬ ተጨንቄ የባሰ ቀርቤ ደህና ነህ ወይ አልኩት። ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

ጋሼ ወደ ጓዳ ጠራኝ። ጋሼ አለቃዬ ብቻ አይደለም፣ አባቴም በይው፤ ሰው ፊት አዋርዶኝ አያውቅም። ጆሮዬ ላይ ሆኖ፣ «ልጄ፣ እጅህ ወርቅ ነው። አፍህን ግን ወደ መስኮቱ አዙረው» አለኝ።

እንደዛ አፍሬ አላውቅም። ሰባት ዓመት ሰው ፊት ላይ ጎንበስ ብዬ ስሠራ፣ እኔ የሰው አፍ ሸተተኝ ብዬ ፊቴን ስቋጥር ኖሬ፣ የኔ አፍ ይሸታል ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። ከዛች ቀን ጀምሮ ከንፈሬን ገጥሜ መሥራት ያዝኩ። ደንበኛ ሲጠይቀኝ በጭንቅላቴ እመልሳለሁ። ሰፈሩ ደሞ ምን አለ መሰለሽ? ጾሙ ገባው፣ ጉራውን ተወ፣ አላህ ልቡን አራራው። ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ያስቆሙኝና ይመርቁኛል። እኔ አፌን ገጥሜ አሜን በልቤ።

የዛን ሰሞን የሚያጽናናኝ ግድግዳው ነበር። ነግሬሽ አላውቅም። በሁለታችን ሱቅ መሃል ያለው ግድግዳ ቀጭን ነው፣ የስፌት መኪናሽ ድምፅ ወንበሬ ድረስ ይመጣል። ሳይቆም ሲሮጥ መጋረጃ ነው እላለሁ። ቆም፣ ሄድ፣ ቆም ሲል ዚፕ ነው። ጭራሽ ዝም ሲል ወይ ክር ተበጥሶብሻል ወይ አሠሪሽ እትዬ ታሪክ እያወራችሽ ነው። አንዳንዴ መኪናሽ ሲሮጥ እጄም አብሮ ይሮጣል፤ ጋሼ ቀስ በል፣ ሰው እየላጨህ ነው እንጂ ሩጫ ላይ አይደለህም ይለኛል። መቀስሽን እንድስልልሽ ስትመጪ ደሞ መቀስ በሁለት ቀን እንደማይደንዝ አውቃለሁ። በየሁለት ቀኑ ለምን ትመጪ እንደነበረ ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። አንድ ቀን ግን ሁለታችንም አፍ አውጥተን አላልነውም። ጉራ የማያልቅብኝ ሰውዬ እዛ ላይ ስደርስ መቀስ ነበር የማወራው።

ዘጠነኛው ቀን።

ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙህር በኋላ ገባሽ። አግዳሚው ላይ ሦስት ሰው ተቀምጧል። መቀሱን መደርደሪያው ላይ አኖርሽውና እንደ ሌላው ጊዜ በሩ ጋ አልቆምሽም፤ እነሱ እንዳይሰሙ ብለሽ ቀረብሽኝ። እንደዛ ቀርበሽኝ አታውቂም። ሻርፕሽ ላይ የተጣበቀች ሰማያዊ ክር ሁሉ አየሁ። «ያ ሊያገባኝ የሚፈልገው ሰውዬ ወንድሜን ጠይቆታል፣ ወንድሜ ደሞ እኔን ጠየቀኝ» አልሽ። ቀጥለሽ፣ «አንተስ መቼ ነው የምትናገረው?»

እሱን ጥያቄ ሁለት ዓመት ነው የጠበቅኩት። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ዛሬ ማታ፣ ካፈጠርን በኋላ፣ ወንድምሽ ቤት እመጣለሁ፤ ይኸው ነው፣ አጭር ነው። አፌን ልከፍት ስል መምህሩ ታየኝ። ፊቱ ታየኝ፣ ቅላቱ፣ ከወንበሩ ሊወድቅ ሲል። ይቺ ልጅ ከዚህ አፍ ከሰማች ነገ አታየኝም አልኩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ፣ በመዳፌ አፌንም አፍንጫዬንም ሸፈንኩ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና በእጄ ውስጥ፣ «ኋላ» አልኩሽ።

አየሽኝ። ከዛ የሻርፕሽን ጫፍ አንስተሽ ቀስ ብለሽ አፍሽን ሸፈንሽ። እሺ ብለሽ ወጣሽ።

እኔ ቂሉ ደሞ አፍሽን ስትሸፍኚ ሳይ፣ አፍራ ነው፣ እንዴት ያለች ጨዋ ናት ብዬ ደስ አለኝ።

ያን ቀን ፀሐይ አልጠልቅ አለች። አዛን እንዳለ በቴምርና በውሃ አፈጠርኩ፣ የመግሪብን ሶላት ሰገድኩ፣ ጥርሴን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፣ ምላሴን ሳይቀር ፈተግኩ። አዲሱን ሸሚዜን ለብሼ ብመጣ ሱቃችሁ ተዘግቷል። በነጋታው ወንበርሽ ላይ ሌላ ልጅ። እህቷ ዘንድ ሄደች ተባልኩ፣ ሌላ ከተማ።

የዛኔ መሮጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ኋላ ስላልኳት ተኮሳትራ ነው፣ መቀሷን ልትወስድ ትመጣለች አልኩ። ለጋሼም እንደዛው ነገርኩት፣ ሳቅ ብዬ፣ እንደሚያውቅ ሰው። መቀሱን ስዬ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ። አዲሷ ልጅ ደሞ ስትሰፋ ሌላ ናት፤ መኪናውን ታስጮኸዋለች፣ ምን እንደምትሰፋ ለማወቅ ብሞክር አልለየው አለኝ። በየቀኑ ከዙህር በኋላ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቴ ይዞራል። አንዱን ደንበኛ ጆሮው ጋ ጫር አደረግኩት፤ በሰባት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

አስራ ስምንተኛው ቀን ላይ በመስጊዱ ሃይማኖት የሚያስተምረው ኡስታዙ ፂሙን ሊያስተካክል መጣ። ልብስ አልብሼው ምላጭ ስቀይር ከልብሱ ስር እጁን አውጥቶ፣ ከኪሱ መፋቂያ መዝዞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መስታወቱ ፊት ጥርሱን ይፍቃል። ሁለት ሳምንት የገጠምኩት አፍ ተከፈተ።

«ኡስታዝ፣ ጾምዎ ፈረሰ እኮ» አልኩት።

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ማን አለ አለኝ። እኔ አልኩ። አንተንስ ማን ነገረህ አለኝ። የታወቀ ነው ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ኡስታዙ መሳቅ ጀመረ፣ የለበሰው ልብስ ሆዱ ላይ እስኪዘል። አግዳሚው ላይ ማን ተቀምጧል ብትይ ዘበኛው። ተነስቶ ቆመና፣ «እኔ አስራ ስምንት ቀን ጥርሴን ሳልነካ የቆየሁት በዚህ ልጅ ቃል ነው?» አለ። ሚስቱ ፊቷን አዙራ መተኛት ከጀመረች ሁለት ሳምንት ሆኗት ለካ፣ ምክንያቱን ሲጠይቃት ትስቃለች እንጂ አትነግረውም።

ኡስታዙ እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ አላሾፈብኝም። እንደ ታናሽ ወንድሙ አድርጎ አስረዳኝ። መፋቂያ ለጾመኛ ከጠዋት እስከ ማታ ይቻላል፣ እንዲያውም የተወደደ ነው፣ ስንጥሩን መትፋት እንጂ መዋጥ የለም። ውሃም ትጉመጠመጣለህ፣ ጉሮሮህ ጋ እንዳይወርድ መጠንቀቅ ብቻ ነው። የጥርስ ሳሙና ጣዕም ስላለውና ሳታውቀው ስለሚወርድ ከንጋት በፊትና ካፈጠርክ በኋላ ብታደርገው ይሻልሃል። ምላስህንም አትርሳ። ማታ ውሃ በደንብ ጠጣ። ሱሁር ላይ ነጭ ሽንኩርት ትበላለህ ወይ አለኝ። ዝም ብልም ሸትቶታል መሰለኝ።

«ባዶ ሆድ የሚያመጣው ጠረን ሌላ ነው፣ እሱን ጌታህ ወዶልሃል» አለኝ። «ጥርስህ መሃል ያደረውን ሽንኩርት ግን በጾምህ አታሳብብ።»

አዲስ መፋቂያ ሰጠኝ። እዛው መስታወቱ ፊት፣ ሁሉም እያዩኝ ፋቅሁ። ጋሼ ምንም ሳይል ሄዶ መስኮቱን ዘጋው። አሁን የሳቀው ሁሉም ነው፣ እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ መናገር የሚቻል ነበር ለካ፣ ያን ቀን ጠዋት አንዲት እንጨት ብፍቅ ኖሮ መልሱን እሰጥሽ ነበር አልኩና ሳቄ ቆመ።

መቀሱን ይዤ እትዬ ጋ ሄድኩ። ኮሌታ ትተኩሳለች፣ ቀና አላለችም። ሁሉን ነገርኳት፤ የዘበኛውን፣ የመምህሩን፣ ለምን ኋላ እንዳልኩሽ። ካውያውን አቁማ አየችኝ።

«አንተ ስታፍር አፍንጫህን ነው የምትይዘው?» አለችኝ።

አልገባኝም ነበር ወላሂ። እስከዛች ሰዓት ድረስ አልገባኝም። ከዛ እትዬ ነገረችኝ። ያን ቀን ተመልሰሽ እንደገባሽ መስታወቱ ጋ ቆመሽ መዳፍሽ ላይ ተንፍሰሽ እንዳሸተትሽ። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። እትዬ፣ አፌ ይሸታል ወይ ብለሽ እንደጠየቅሻት። እሷም ለቀልድ ብላ፣ ጾመኛ አይደለሽ፣ እንዴት አይሸትም እንዳለችሽ። ይሄን ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔ ነኝ የጨረስኳት፣ አፌ በተቆረጠ እያለች። ከዛ በኋላ አፍሽን በሻርፕ አስረሽ ስትሰፊ ዋልሽ፣ ስፒሎቹን እንደ ልማድሽ በከንፈርሽ ሳትይዢ፣ እጅጌሽ ላይ ሰክተሽ። ስትሄጂም እንዲህ አልሽ አለችኝ፦ «ይሄ ሰው ሳያገባኝ አፍንጫውን ከያዘ፣ ካገባኝ በኋላ ምኑን ሊይዝ ነው?»

እዛው ቁጭ አልኩ፣ የተቆራረጠ ጨርቅ ላይ። እኔ በራሴ ሽታ ስጨነቅ፣ አንቺ ንጹሕ አፍሽን ይዘሽ በሰው ፊት የተዋረድሽ መስሎሽ ሄድሽ። ያን ቀን ካንቺ ምን እንደሸተተኝ ልንገርሽ? አዲስ ጨርቅ፣ ውሃ ሳይነካው በፊት ያለው ሽታ። የመኪና ዘይት፣ ትንሽ። ሌላ የለም። ኖሮ ቢሆን እንኳ፣ አንቺም እንደኔ ከንጋት ጀምሮ ውሃ ያልቀመስሽ ሰው ነሽ፤ ምኑ ያሳፍራል? ለአላህ ብለን የተራብነው እኮ አንድ ላይ ነው፣ በአንድ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ።

ከዛ ነው አስራ አንድ ጊዜ የደወልኩት። አላነሳሽም። ስለዚህ ያን ቀን የጠየቅሽኝን አደረግኩ፤ ትናንት ወንድምሽ ጋ ሄድኩ።

ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ማፍጠሪያው ሳይደርስ ነበር። ጾሙን እስክናፈጥር ልጠብቅ፣ ጥርሴን ታጥቤ ልሂድ የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፣ ግን እንዳልሄድ የሚያስቀረኝ እሱ ሐሳብ እንደሆነ ገባኝ። መፋቂያዬን ፍቄ ሄድኩ። በር እየበየደ ነው። የብየዳ ጭንብሉን ቀና አድርጎ ምን ፈለግክ አለኝ። አንቺ እኔ ጋ እንደቀረብሽው ያህል ቀረብኩት፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፣ አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኩት። እህትህን እፈልጋታለሁ አልኩት፣ ከሁለት ዓመት ጀምሮ። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ስጨርስ፣ «አፍህ ይሸታል» አለኝ። ያንተም አልኩት። ተያየን። የያዘውን መበየጃ አስቀምጦ ወንድምሽ ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ እኔ አይቼ አላውቅም፣ አንቺ አይተሽ ከሆነ ንገሪኝ።

ከዛ ኮስተር ብሎ የት ታኖራታለህ አለኝ። ጉራዬን ታውቂዋለሽ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለት ክፍል ልጨምር ነው፣ የራሴን ሱቅ ልከፍት ነው እለው ነበር። ያለውን ነገርኩት። ክፍሉ አንድ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ብርሃን ይገባል፣ የስፌት መኪና መስኮቱ ስር ይቆማል፣ ለክቼዋለሁ። ቧንቧው ደጅ ነው፣ ከሁለት ቤት ጋር ነው የምንጋራው። ጣራው አንድ ጥግ ላይ ያፈሳል፣ ከክረምት በፊት እሠራዋለሁ። ሌላ የለኝም አልኩት።

ስለጠየቀሽ ሰውዬ ሲያወራልኝ ደሞ አልሰደበውም፣ እኔም ልሰድበው አልቻልኩም። ደህና ሰው ነው አለ። ጥርሱም ነጭ ነው፣ አይቼዋለሁ። ጾሙ ያለቀ ቀን መልስ እሰጥሃለሁ ብሎታል፤ ሳምንት ቀርቶታል። የሷን ቃል ካንተ አልሰማም፣ ከሷው ነው የምሰማው አለኝ። ይሄን ደብዳቤ እህቶቹን ሊጠይቅ ዓርብ ሲመጣ ራሱ ያደርስልሻል፣ ሳይከፍተው። አምነዋለሁ።

አሁን ግድግዳው ዝም ነው፣ እትዬ ሱቋን ዘግታለች። እኔም ወንበሬን ጠራርጌ ጨርሼ ነው የምጽፍልሽ፣ ለማፍጠር ትንሽ ቀርቶታል፣ ጋሼ ቴምሩን ሳህን ላይ እያደረገ ነው። ናፍቀሽኛል። ምኑ እንደናፈቀኝ ብትጠይቂኝ ትልቅ ነገር አልልሽም፤ እዚህ ቆመሽ ስለ ዚፕ ብታማርሪ ይበቃኛል። ከእንቅልፍሽ ስትነሺ ያለውን አፍሽን፣ አሞሽ የምታወሪውን፣ ተቆጥተሽ የምትጮሂውን፣ ጥርሳችን አልቆ በድዳችን ስናወራ ያለውን ሁሉ ከቅርብ ልስማው ነው የምልሽ። እኔም የኔን ሳልሸፍን።

ለወንድምሽ መልስሽን ንገሪው። እሺ ካልሽ ያፈሳል ያልኩት ጣራ እስክትመጪ ይሠራል፣ እሱ ጉራ አይደለም። እምቢ ካልሽ ደሞ መብትሽ ነው፣ በርሽ ላይ አልቆምም። ግን እምቢታሽ በሌላ ነገር ይሁን። ጉረኛ ነው በዪ። ሳያውቅ ይፈርዳል በዪ። አንድ ክፍል አይበቃኝም በዪ። ከሰውዬው ጋር ልቤ ሄደ በዪ፣ እሱንም እችለዋለሁ። አፌን ተጠይፎ ሸሸኝ ግን አትበዪ፣ ለማንም፣ ለራስሽም። የትም ብትሄጂ፣ ማንንም ብታገቢ፣ ሰው ጋ ቀርበሽ አውሪ።

አላህ ጾምሽን ይቀበልልሽ።

ፀጉር አስተካካዩ